ፋርማሲስት የሆስፒታል ፋርማሲ ኃላፊ ለመሆን ምን ይማራል? ምንስ ያስወጣዋል?

የሐኪም ማዘዣ ይዘው የመንግሥት ሆስፒታል ፋርማሲ መስኮት ላይ ሲደርሱ «ይህኛው የለም፣ ከውጭ ይግዙ» ተብለው ያውቃሉ? የአዲስ ከተማ ሰው ከሆኑ የሚቀጥለውን እኔ አልነግርዎትም። ወረቀቱን ይዘው የግል ፋርማሲዎች ወደሚበዙበት ወደ ተክለ ሃይማኖት ይወርዳሉ፤ ከአንዱ ፋርማሲ ወጥተው ወደ ሌላው እየገቡ ዋጋ ይጠይቃሉ።

«የለም» የሚልዎት መስኮቱ ላይ ያለው ባለሙያ ነው። መድኃኒቱ ዛሬ መደርደሪያ ላይ ይኑር አይኑር የሚወሰነው ግን በአብዛኛው ከወራት በፊት ነው። ከወሳኞቹ አንዱ የፋርማሲ ክፍሉ ኃላፊ ነው። ሥራው ምንድን ነው? የት ይማረዋል? ስንትስ ያስወጣል?

ፋርማሲስት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ኪኒን ቆጥሮ የሚሰጠውን ነው። ኃላፊው ግን የሚውለው ከቁጥር፣ ከስብሰባና ከሰው ጋር ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። የመንግሥት ጤና ተቋማት «የተቀናጀ የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት» በሚባል አሠራር ይመራሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት መዝገብና አንድ ዓይነት የመጠየቂያ ቅጽ ይጠቀማሉ ማለት ነው። ሆስፒታሉ በየሁለት ወሩ ሪፖርትና ጥያቄ ይልካል። ከፍተኛው ክምችት የአራት ወር ፍጆታ ነው፤ ዝቅተኛው የሁለት ወር። ከሁለት ሳምንት በታች የወረደ መድኃኒት አስቸኳይ ጥያቄ ይቀርብበታል።

ሒሳቡ አይከብድም። በወር 300 ብልቃጥ የሚወጣ መድኃኒት አለ እንበል። የአራት ወሩ 1,200 ነው። ስቶር ውስጥ 450 ካለ የሚጠየቀው 750 ይሆናል። የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ ይህን ወረቀት ሳይዝ ያሰላዋል።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? «በወር 300» የሚለው ቁጥር ላይ ነው። መድኃኒቱ ለሁለት ሳምንት ጠፍቶ ከነበረ በዚያ ወር የወጣው 150 ብቻ ነው። ኃላፊው ያንን እንዳለ ከገለበጠው በሚቀጥለው ዙር የሚጠይቀው ከሚያስፈልገው በታች ይሆናል፤ አንዴ የጠፋ መድኃኒት ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ ቢን ካርዱን አገላብጦ የባዶውን ቀን የሚያርም ሰው ያስፈልጋል። ቢን ካርድ ማለት ለእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢና ወጪው የሚጻፍበት ካርድ ነው። በእኔ ግምት ብዙ «የለም» የሚወለደው እዚች ላይ ነው።

ጥያቄው የሚሄደው ወደ ኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 ሲቋቋም ስሙ የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ነበር። ዋና መሥሪያ ቤቱ ከመርካቶ ብዙም አይርቅም፤ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ነው። እዚያም የሌለ መድኃኒት ይኖራል። በዚህ ጊዜ አገልግሎቱ «የለኝም» ብሎ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ሆስፒታሉም በግዥ ሕጉ መሠረት ከግል አስመጪ ይገዛል። ይህን ደብዳቤ ዛሬ የጠየቀ ኃላፊና ከወር በኋላ የጠየቀ ኃላፊ እኩል አይደሉም። ልዩነቱን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፤ ተክለ ሃይማኖት ወርደው።

ቀጥሎ ስብሰባው። እያንዳንዱ ሆስፒታል የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ እንዲኖረው ይጠበቃል። የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ነው፤ ጸሐፊው የፋርማሲ ኃላፊው ነው። ኮሚቴው የትኛው መድኃኒት በሆስፒታሉ ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባና የትኛው እንደሚቀር ይወስናል።

መድኃኒቶቹ በሁለት መንገድ ይመደባሉ። አንደኛው በዋጋ ነው፤ ጥቂት ዓይነት መድኃኒቶች አብዛኛውን በጀት ይወስዳሉና እነሱ ተለይተው ይታያሉ። ሁለተኛው በአስፈላጊነት ነው፤ ነፍስ አድን፣ አስፈላጊ፣ ቢቀርም የሚቻል። ሁለቱ ሲጣመሩ አሳፋሪ ነገር ይወጣል፤ ብዙ ገንዘብ የሚበላ ነገር ግን ቢቀርም የሚቻል መድኃኒት ይገኛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን ከውጭ የሚመጣው መድኃኒት ተወድዷል፤ ይህ ማጣራት አሁን የቅንጦት ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ ዕውቀት ብቻውን አይበቃም። ወጣቱ ፋርማሲስት በዕድሜም በማዕረግም የሚበልጡትን ስፔሻሊስት «ዶክተር፣ ይህ መድኃኒት ከዝርዝሩ ቢወጣ ይሻላል» ማለት አለበት። ቁጥር ይዞ፣ ሳያስቀይም፣ ሳይፈራም። መሪነት የምንለው ይኸው ነው።

ገንዘቡስ? ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ሥርዓት እዚያ ተጀመረ፤ ባለሙያዎች በአጭሩ «ኤፒቲኤስ» ይሉታል። ቀድሞ በብዙ ቦታ የሚታወቀው ስንት ብር እንደገባ እንጂ የትኛው መድኃኒት ስንት እንደወጣ አልነበረም። በአዲሱ አሠራር አንዱ ባለሙያ ማዘዣውን መርምሮ ዋጋ ይተምናል፣ ገንዘብ ያዡ ይቀበላል፣ ሌላው ፋርማሲስት አወሳሰዱን አስረድቶ ይሰጣል። ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር አለው። ለፋርማሲው የራሱ ሒሳብ ሠራተኛ ይመደብለታል። በየቀኑ ወረቀቱ፣ ብሩና መድኃኒቱ ይመሳከራሉ። የአማራ ክልል ደንብ አውጥቶ አጸናው፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ክልሎችና ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታሎች ተስፋፋ።

«ይህን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ አያስተምርም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። በከፊል ያስተምራል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ለረጅም ጊዜ ትምህርቱ የሚያተኩረው በመድኃኒቱ ላይ ነበር፤ እንዴት ይሠራል፣ ከምን ይቀመማል። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ሥርዓተ ትምህርቱ ተለውጦ ከአራት ወደ አምስት ዓመት ሲያድግ ወደ ታካሚው ዞረ፤ ተማሪው ከሐኪሞች ጋር ዋርድ ውስጥ ራውንድ መውጣት ጀመረ። ስለ አቅርቦትና አስተዳደርም ኮርስ ይወስዳል። ሠራተኛ መምራትና በጀት መከላከል ግን ከኮርስ አይገኝም።

ስለዚህ መንገዱ ከምረቃ በኋላ ነው። አንደኛው አጭር የሥራ ላይ ሥልጠና ነው። ጤና ሚኒስቴር ከአጋሮቹ ጋር ያዘጋጀው የአመራር፣ የሥራ አመራርና መልካም አስተዳደር ሥልጠና ለጥቂት ቀናት በክፍል ይሰጣል። ቁም ነገሩ ከክፍሉ በኋላ ነው። ሠልጣኞቹ በቡድን ሆነው ከገዛ ሆስፒታላቸው አንድ ችግር ይመርጣሉ፣ የሚለካ ግብ ያስቀምጣሉ፣ ለወራትም አሠልጣኝ እየጎበኛቸው ይሠሩበታል። ይህ ጉብኝት የሌለበት ሥልጠና በአበልና በሰርተፊኬት ያልቃል ብል ሐሜት አይሆንብኝም።

ሁለተኛው ሁለተኛ ዲግሪ ነው። የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርስ እ.ኤ.አ. በ2008 በጅማ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ ዬል ዩኒቨርሲቲና የክሊንተን ፋውንዴሽን አግዘዋል። ያኔ የሆስፒታል ሥራ አስፈጻሚነት ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ ነበር። ወደ አቅርቦት የሚያደላ ፋርማሲስት የአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር ያጠናል፤ ወደ ዋርድ የሚያደላ ክሊኒካል ፋርማሲ።

በሌላ አገርስ? በአሜሪካ ሃርቪ ዊትኒ የተባሉ ፋርማሲስት በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1927 ተመራቂዎችን በሥራ ላይ ማሠልጠን ጀመሩ። ዛሬ እዚያ ለፋርማሲ አስተዳደርና አመራር ብቻ የሁለት ዓመት ሥልጠና አለ፤ ሠልጣኙ ደመወዝ እየተከፈለው ከነባር ኃላፊ ሥር ይውላል። እኛ ዘንድ አብዛኛው ኃላፊ በደብዳቤ ይመደባል፤ የሚማረው ከተመደበ በኋላ ነው።

አሁን ወጪው። የመጀመሪያ ዲግሪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በወጪ መጋራት ነው። ተመራቂው ሥራ ሲይዝ ቢያንስ ከወር ገቢው 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። የሥራ ላይ ሥልጠና ሠልጣኙን አያስከፍልም። ለሁለተኛ ዲግሪ መሥሪያ ቤቱ ከላከው ወጪው ይሸፈንለታል፤ በምትኩ ተመልሶ ለማገልገል ውል ይፈርማል። በራሱ የሚማር ከኪሱ ይከፍላል።

ትልቁ ወጪ ግን በደረሰኝ አይታይም፤ የቀረበት ገቢ ነው። የሆስፒታል ደመወዝ አያወላዳም። ብዙ ፋርማሲስት ቀን ሆስፒታል፣ ማታ የግል ፋርማሲ ይሠራል። ኃላፊነት ሲመጣ የማታው ሥራ ይቀራል፤ ወይም መቅረት አለበት። ሆስፒታሉ «የለም» ሲል የሚጠቀም ሱቅ ውስጥ ማታ የሚቆም ሰው የሆስፒታሉን ትዕዛዝ መምራት የለበትም። ይህ ሰውየውን መጠርጠር አይደለም። ሆስፒታል ኃላፊ ሲሾም ለሚቀርበት የማታ ገቢ ማካካሻ አብሮ ካላሰበ ግን ጎበዙን ለተክለ ሃይማኖት ያስረክባል።

ቤትዎ ፋርማሲስት ልጅ ካለ አንድ ነገር ይምከሩልኝ። ሥልጠና እስኪመጣ አይጠብቅ። በሚቀጥለው የስቶር ቆጠራ ልግባ ይበል፤ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ ለመያዝም ራሱን ያቅርብ። ቃለ ጉባኤ መያዝ ማንም የማይሻማበት ሥራ ነው፤ ክፍያም መግቢያ ፈተናም የለውም።