ኢጣልያንኛ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ለምን ይከብዳል?



በኢጣልያ ስደተኞችን ለማገልገል የሚሄዱ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ባልደረቦች ሥራ ሳይጀምሩ ስለ ምን ወራት በቋንቋ ትምህርት ያሳልፋሉ? የሚል ጥያቄ ይደርሰናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ የእናንተ ስጦታ ነውና።

የኢጣልያ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ፌዴሬሽን ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2015 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት ጋር በፈረመው ስምምነት መሠረት፣ በሊባኖስ የነበሩ ስደተኞች ከ2016 ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ በአውሮፕላን ገብተዋል። በ2017 ደግሞ የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤና የሳንት ኤጂዲዮ ማኅበር በኢትዮጵያ ለተጠለሉ ስደተኞች ይህንኑ መንገድ ከፍተዋል። የመጣው ሰው ፎርም ይሞላል፣ ሐኪም ዘንድ ይቀርባል፣ ልጁን ያስመዘግባል። ይህ ሁሉ በኢጣልያንኛ ነው።

ፎርሙ ላይ «ፓሬንቲ» የሚል ቃል ሲያይ እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ፓረንትስ»፣ ወላጆች፣ ይመስለዋል። ዘመዶች ማለት ነው፤ ወላጆች «ጄኒቶሪ» ናቸው። እናት አባቱ የሞቱበት፣ አጎቱ ግን በቦሎኛ የሚኖር ልጅ በዚህ ምክንያት «የለኝም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ነርሷም ሐኪሙ «ኤቬንቱዋልሜንቴ» ይመጣል ብትል፣ «ካስፈለገ ምናልባት» ማለቷ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን «ቢዘገይም መምጣቱ አይቀርም» ብሎ ይረዳና በሽተኛውን ሲያስጠብቅ ይውላል።

ሰዋስውን በተመለከተ ለእኛ የሚቀለው ለእነርሱ ይከብዳል። «ፓርሎ» ማለት እናገራለሁ፣ «ፓርሊ» ማለት ትናገራለህ ነው፤ ባለቤቱ እንደ አማርኛው በግሡ ውስጥ አለ። በየዓረፍተ ነገሩ «ኢዮ» የሚል ጀማሪ ግን «እኔ፣ እኔ» የሚል ሰው ይመስላል። መውደድንም «ሚ ፒያቼ» ይሉታል፤ የእኛ «ደስ ይለኛል» ዓይነት ነው። በእንግሊዝኛ ሥርዓት «ኢዮ ፒያቾ» ያለ ሰው «እኔ እወደዳለሁ» ማለቱ ነው!

ከሁሉ የሚከብደው የአክብሮት አነጋገር ነው። እንግሊዝኛ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም «ዩ» ይላል። ኢጣልያንኛ ለቅርብ ሰው «ቱ»፣ ለማያውቁትና ለትልቅ ሰው «ሌይ» አለው። «ሌይ» ቃል በቃል «እርሷ» ማለት ሲሆን ለወንድም ይነገራል። (ኢትዮጵያን በወረራ ይዞ የነበረው የፋሺስት አገዛዝ በ1938 «ሌይ» ቀርቶ «ቮይ» እንዲባል አዝዞ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ወደ «ሌይ» ተመልሷል።) «ደህና ነህ?» «ኮሜ ስታይ?» ነው፤ «ደህና ነዎት?» «ኮሜ ስታ?» ነው። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት።

አንዳንድ የቢሮ ሠራተኛ ለአገሩ ሰው «ሌይ» እያለ፣ ለአፍሪካዊው ሽማግሌ «ቱ» ይላል። ይህን የሚነቅፉ ኢጣልያውያን አሉ። በአንተና በእርስዎ ያደጉ አባት ወዲያው ይሰሙታል። አጠገባቸው የቆመው ረዳት ካልሰማው ግን እርሱም «ቱ» እያለ ይቀጥላል፤ ሊረዳቸው ሄዶ ያሳዝናቸዋል።

በጸሎት እግዚአብሔር እንደ አማርኛችን «ቱ»፣ አንተ፣ ይባላል፤ ወንድሞችም እርስ በርሳቸው እንዲሁ ይባባላሉ። ከዚያ ውጭ «በቱ እንነጋገር» ብሎ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የሚበልጠው ነው። ወጣቱ እስኪጋበዝ ይጠብቃል። በኢጣልያ ከተሞች የምትኖሩ ወገኖች ከአዲስ መጪዎቹ ጋር በሳምንት አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ ብታለማምዷቸው፣ ከ«ስታይ»ና ከ«ስታ» ጀምሩ።