ጫጩቷ ቄብ ትሆን ወይስ አውራ?

በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ፣ በገበሬው ደጅ ዶሮ ስትጭር ማየት የተለመደ ነው። በሬው የባል ቢሆን ዶሮዋ የሚስት ናት፤ ከእንቁላሉ ዋጋ ጨው ይገዛበታል፤ ለተማሪው ልጅም ደብተር ይሸመትበታል። ስለዚህ እመቤቲቱ እንቁላል ስታስታቅፍ የምትመኘው ቄብ እንዲበዛላት ነው። አውራው ለፋሲካ ቢሸጥ የአንድ ቀን ገንዘብ ነው፤ ቄቧ ግን አድጋ ስትጥል ትኖራለች። እንግዲህ ወንዱንና ሴቲቱን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን?

አንዳንድ አእዋፍ በዚህ ረገድ ሰውን አያደክሙም። በአገራችን ደጋ የምትገኘው ባለ ጥቁር ክንፍ ትንሽ በቀቀን፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ሲሆን ሴቲቱ አረንጓዴ ናት። የአውስትራሊያዋ ባጂም ስትጎለምስ ከመንቁሯ በላይ ባለው ሥጋ ትለያለች፤ የወንዱ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ፣ የሴቲቱ ቡናማ ነው። የዶሮ ጫጩት ግን ምሥጢሯን ትደብቃለች።

በገጠራችን ከሚነገሩት አንዱ፣ ሾጣጣው እንቁላል አውራ፣ ክቡ ቄብ ይወጣዋል የሚለው ነው። ይህን ዓይነቱን አሳብ ያሰበ የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው አርስጣጣሊስ ሾጣጣው ሴት፣ ክቡ ወንድ ነው ብሎ ጻፈ፤ ከእርሱ አራት መቶ ዓመት ያህል በኋላ የተነሣው ሮማዊው ፕሊኒ ደግሞ ክቡ ሴት ነው አለ። ሊቃውንት በአንድ እንቁላል ከተጣሉ፣ ፍርዱን ለእንቁላሉ መተው ይሻላል።

የዛሬው ሳይንስ እንዲህ ይላል። በሰው ዘንድ የልጁን ጾታ የሚወስነው የአባት ዘር ነው፤ በአእዋፍ ዘንድ ግን የእናቲቱ ነው። ይህም የሚወሰነው አስኳሉ ነጩንና ቅርፊቱን ሳይለብስ ገና በማለዳው ነው። ቅርጹ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ እንቁላሉ በሚያልፍበት መንገድ ነው። ደግሞም አንዲት ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለው አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው እንቁላል ነው። ነገሩ በቅርጽ ቢሆን ኖሮ፣ ሾጣጣ የምትጥለው ዶሮ ዕድሜዋን ሙሉ አውራ ብቻ በፈለፈለች ነበር። እንዲህ ያለችውን ዶሮ ማን አየ?

የሆነ ሆኖ የእናቶች መምረጥ ከንቱ አይደለም። የተሰነጠቀው፣ የቆየው፣ ቅርጹም ከልክ ያለፈው እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ ያነሰ ነው።

በ21 ቀን ከተፈለፈሉ በኋላስ? በ1920ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ኪዮሺ ማሱዊና ባልደረቦቹ በጃፓን የአንድ ቀን ጫጩት ከኋላዋ በምትታይ እጅግ ትንሽ ምልክት እንደምትለይ አሳዩ። ይህም ብዙ ልምምድ የሚጠይቅ ሙያ ሆኖ በዓለም ተሰራጨ። ነገር ግን በትልልቆቹ እርባታዎች የተለዩት ወንዶች ጫጩቶች ዕለቱን ይገደሉ ስለ ነበር፣ ጀርመን ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ይህን በሕግ ከለከለች፤ አሁን ጾታው ገና በእንቁላሉ ውስጥ ሳለ የሚመረመርበት መሣሪያ አለ።

መሣሪያ በሌለበት የሚበጀው ትዕግሥት ነው። ከስድስት ሳምንት ጀምሮ በብዙዎቹ አውራዎች ራስ ላይ ያለው ሥጋ እየቀላና እየጎላ ይሄዳል። ቆይቶም የአንገቱና የወገቡ ላባ ጫፉ ሾጣጣ ይሆናል፤ የቄቧ ግን ክብ ነው። እንግዲህ መሾጠጡን ከእንቁላሉ ሳይሆን ከላባው መፈለግ ነው። ከዚህ በፊት ቄብ ናት ተብሎ በገበያ የሚጠየቀው ዋጋ የዕጣ ዋጋ ነው።

ወደዚያ አገር የምትሄዱ ወጣት ሠራተኞችና ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ የምትመለሱ ተማሪዎች፣ ይህን ስትነግሩ በእናቶች አትሣቁባቸው። ይልቁንስ ለአንዲቱ ዶሮ ሾጣጣውን ብቻ፣ ለሌላይቱ ክቡን ብቻ አስታቅፉና ሦስት ወር ቆይታችሁ አብራችሁ ቁጠሩ። ከአሥር ጫጩት ሰባቱ አውራ ቢሆኑ በዕድል ሊሆን ይችላልና ደጋግሙት። የቆጠረች እናት ከሰማች እናት ይልቅ ታምናለች፤ እናንተም እንዲሁ።