ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የጉንፋን መድኃኒቶችና የባለሙያው ሦስት ጥያቄዎች

ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ብርዱ ይጠናል። በዚህ ወቅት ጉንፋን የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን በቅርቡ ወደሚገኝ መድኃኒት ቤት ነው። ስለሆነም ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ባለሙያ ለሕመምተኛው የመጀመሪያው፣ ምናልባትም ብቸኛው አማካሪ ይሆናል።

ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣና አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀናት ውስጥ በራሱ የሚድን ሕመም ነው። መድኃኒቶቹ ስሜቱን ያስታግሳሉ እንጂ ሕመሙን አያሳጥሩም፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም አይጠቅመውም። ጥቅማቸው መጠነኛ በመሆኑ ጉዳት እንዳያስከትሉ መጠንቀቅ ይገባል። ለዚህም ሦስት ጥያቄዎች ይረዳሉ።

የመጀመሪያው “መድኃኒቱ ለማን ነው?” የሚለው ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2008 እ.ኤ.አ. ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እነዚህ መድኃኒቶች እንዳይሰጡ አሳስቧል፤ በብሪታንያ ደግሞ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ6 ዓመት በታች ላሉት አይሰጡም። አንዲት የቡራዩ እናት ለሚያስለው ልጇ ሽሮፕ ብትጠይቅ፣ ከመሸጥ በፊት የልጁን አተነፋፈስ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ይገባል። ከ2 እስከ 11 ወር የሆነው ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 እስከ 59 ወር የሆነው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው ሽሮፑ የሳንባ ምች ሕክምናውን ከማዘግየት በቀር ፋይዳ የለውም። ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ሊላክ ይገባል። እነዚህ ምልክቶች ለሌሉበት ልጅ የእናት ጡት ወተትና ሌላ ፈሳሽ አዘውትሮ መስጠት፣ ትኩሳት ካለውም በክብደቱ ልክ የተመጠነ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ሁለተኛው “ሌላ ምን እየወሰደ ነው?” የሚለው ነው። ብዙዎቹ የጉንፋን ቅልቅል መድኃኒቶች ፓራሲታሞል አላቸው። ሕመምተኛው ይህን ሳያውቅ ለራስ ምታት ሌላ ፓራሲታሞል ቢጨምር ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከተፈቀደው 4 ግራም ሊያልፍና ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል። ፕሱዶኤፌድሪን ያለበት መድኃኒት ደግሞ የደም ግፊትን ስለሚጨምር ግፊቱ ላልተስተካከለለት ሰው አይሰጥም። ጫትም ተመሳሳይ የማነቃቃት ጠባይ ስላለው ሁለቱን ማደራረብ አደጋውን ያብሳል።

ሦስተኛው “ሥራው ምንድን ነው?” የሚለው ነው። ክሎርፌኒራሚን እንቅልፍ ስለሚያመጣ በሰበታ ፋብሪካ ማሽን ላይ ለሚሠራ ሠራተኛም ሆነ በጅማ መንገድ ለሚያሽከረክር ሾፌር አይመከርም። በሱሉልታ ለሚለማመዱ ሯጮችም ፕሱዶኤፌድሪን ያሳስባል፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በውድድር ወቅት በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ150 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ የተከለከለ ነው።

አፍንጫ ለታፈነበት አዋቂ የዛይሎሜታዞሊን ጠብታ ቢሰጥ ከ5 ቀን በላይ እንዳይጠቀም ሊነገረው ይገባል፤ አለበለዚያ መታፈኑ ብሶ ይመለሳል። መድኃኒት የገዛም ሆነ ሳይገዛ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ከ3 ቀን በላይ ከቆየ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ሕመሙ ከ10 ቀን ካለፈ ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ በግልጽ ይነገረው።