ስለ ፒክ አፕ መኪና ጎማና ቸርኬ አመራረጥ

በየወረዳው ለግብርና ሥራ የተመደበው ፒክ አፕ መኪና ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ፥ የከብት ክትባትና ባለሙያ ተሸክሞ ከጎንደር ከተማ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ ያልፋል፥ በሊማሊሞም ወደ አዳርቃይ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ጭነት መሬትን የሚነካው በአራት ስፍራ ብቻ ሲሆን እያንዳንዱም ስፍራ ሁለት መዳፍ ቢያህል ነው። የሰው ሕይወትና የመንግሥት ገንዘብ በዚያ ላይ የቆመ ስለ ሆነ፥ ጎማና ቸርኬ በሚለወጥበት ጊዜ ሹማምንት ምን ሊመለከቱ እንደሚገባ ልንገልጽ ወደድን። የምንናገረውም ባሌስትራውና ሞላው ከፍ ሳይደረግ፥ ከፋብሪካ በወጣበት ቁመት ስለሚሠራበት መኪና ነው።

አስቀድሞ ትክክለኛው ልክ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ይገኛል። ለምሳሌ 245/70 አር 16 ቢል፥ 245 የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ቁመት ከወርዱ ከመቶ 70 እጅ መሆኑን ያመለክታል፤ አር ማለት ክሩ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የተዘረጋበት ራዲያል ጎማ ነው፤ 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ሲሰላ የዚህ ጎማ ሙሉ ቁመት 749 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። አንዳንድ ሹማምንት መኪናው ግርማ እንዲኖረው ብለው በዚህ ፈንታ 265/75 አር 16 እንዲገባ ያዝዛሉ፤ የዚህም ቁመት 804 ሚሊሜትር ነው። መኪናው ከፍ የሚለው ግን የልዩነቱን እኩሌታ፥ ይኸውም 27 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም። ለዚህች ሁለት ጣት የሚከፈለው ዋጋ ብዙ ነው። የፍጥነት ቆጣሪው 80 ሲያሳይ መኪናው በእውነት 86 ይሄዳል። መሪው እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝ ጎማው ከፓራፋንጎ ጋር ይፋተጋል፤ ጭነት ሲበዛበትም ይባስ። ማርሹ ሁሉ ከመቶ 7 እጅ እንደ ፈጠነ ስለሚቈጠር፥ ቁልቁለት ሲወረድ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ፍሬኑም በዚያው መጠን አብዝቶ መሥራት ግድ ይሆንበታል። ሊማሊሞን ጭኖ የወረደ ሹፌር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል።

የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የቀደዱት ጣሊያኖች በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በነበረው የወረራ ዘመን ነው። ቸርኬ፥ ካላማዳሪያ፥ ባሌስትራና ጎሚስታ የሚሉት ቃላትም ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ ቃላቱ ከመንገዱ ይልቅ ጥገና ሳይሹ ኖረዋል።

ወደ ቸርኬው እንመለስ። ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ሃይሉክስ 6 ቡሎን ያለው ሲሆን የቡሎኖቹ ክብ 139.7 ሚሊሜትር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራው ባለ 79 ላንድ ክሩዘር ፒክ አፕ ግን 5 ቡሎንና 150 ሚሊሜትር ክብ አለው። ስለዚህ ሁለቱም ቶዮታ ናቸው ተብሎ የአንዱ ቸርኬ ለሌላው በግዥ መጠየቂያ እንዳይጻፍ። ከቡሎኑም ይልቅ የሚዘነጋው ቸርኬው ወደ ውጭ የሚወጣበት መጠን ነው። ወደ ውጭ የተገፋ ሰፊ ቸርኬ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ክብደቱ ከሞዞው ርቆ ስለሚያርፍ ኩሽኔታውን ቶሎ ይበላል፥ ጠጠርና ጭቃም በመኪናው ጎን ላይ ይረጫል።

በአሉሚኒየምና በብረት ቸርኬ መካከል የሚደረገው ክርክር በከተማ ሌላ፥ በደጋ ሌላ ነው። ድንጋይ መትቶ የጎበጠ የብረት ቸርኬ በቅርብ ጎሚስታ ተቀጥቅጦ ወደ ቦታው ሊደርስ ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል። ለስሜን የጠጠርና የድንጋይ መንገድ ብረቱን እንመርጣለን።

የጎማው ጥርስ በሦስት ወገን ይከፈላል፤ ለአስፋልት፥ ለጭቃ፥ ለሁሉም መንገድ የሚሆን። ከጎንደር አስፋልት ተነሥቶ በፒስታ የሚገባ መኪና የሦስተኛውን ወገን ይያዝ። የጭቃው ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ አያያዙ ደካማ ነው፥ ቶሎም ያልቃል። በደምቢያ ዋልካ በክረምት ምን ይሻላል የሚል ጥያቄ ይነሣል። ቀጭን ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራ መሬት ያገኛል የሚባለው ከታች ጠንካራ መሬት ሲኖር ነው፤ በዋልካ ግን ጭቃው ጥልቅ ነው። እውነቱን ለመናገር፥ በሐምሌ ዋልካ ውስጥ ከማናቸውም ጎማ በቅሎ ይበልጣል፤ ማዳበሪያውን ከዝናቡ በፊት ማድረስ ነው።

የመሸከም ኃይል በጎኑ በቁጥር ተጽፏል፤ 107 ያለበት ጎማ 975 ኪሎ፥ 113 ያለበት 1,150 ኪሎ ይችላል። ማዳበሪያ ለሚጭን መኪና ይህ ልዩነት ከመልክ ይበልጣል። ዕድሜውም እንዲሁ በጎኑ በ4 አኃዝ ይታወቃል፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ይህ የአውሮፓ ዘመን ስለ ሆነ በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 2011 መጨረሻ ወይም የሰኔ መባቻ ነው። ይህን ያላስተዋለ ዕቃ ተረካቢ ጎማው በ7 ወይም በ8 ዓመት የታደሰ ይመስለዋል።

ስለ ነፋስ ደግሞ የሚነገር ልማድ አለ። ከደባርቅ (2,850 ሜትር ያህል) ወደ መተማ (700 ሜትር ያህል) የወረደ ሹፌር በቀትር ለክቶ ነፋሱ በዝቷል ብሎ ያስተነፍሳል። በውጭ ያለው አየር በቆላ ስለሚከብድ መለኪያው 3 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይቀንሳል፤ የ25 ዲግሪ ሙቀት ጭማሪ ግን 4 ያህል ይጨምራል፥ የመንገዱም ግለት በዚያ ላይ ይታከላል። በግለት የመጣው ሲበርድ ይመለሳልና በቀትር ያስተነፈሰ ሰው ማለዳ የላላ ጎማ ይዞ ይነሣል፤ የላላ ጎማም በጭነት ይግላል፥ ይፈነዳልም። ነፋስ የሚለካው ማለዳ፥ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፥ ባደረበት አገር ነው።

ገንዘብ ቢያጥር ሁለት ሁለት አድርጎ መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን በሁለቱም ዲፈረንሻል የሚሄድ መኪና የፊትና የኋላ ጎማው ቁመት አንድ መሆን አለበት፥ አለዚያ ማርሹ እርስ በርሱ ይጠማዘዛል። ስኮርታውም በዚያው ልክ ይሁን። ዳዶው ደግሞ እንደ ቸርኬው ነው፤ የብረቱ አፉ ሾጣጣ፥ የአሉሚኒየሙ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ነው። አሉሚኒየም ያሰረ መኪና የብረት ስኮርታ ከያዘ፥ የስኮርታው 6 ዳዶ በከረጢት ተቋጥሮ ከክሪኩ ጋር ይቀመጥ። አዲስ የገባ ቸርኬ ከመጀመሪያው 100 ኪሎሜትር በፊት እንደገና ይጠበቃል፤ ጎንደር ላይ የታሰረው ሊማሊሞ ሳይገባ ደባርቅ ላይ ይፈተሽ።