ተሸላሚው ሞተርና የዘይቱ ደረሰኝ

የፎርድ 1.0 ሊትር ኢኮቡስት የቤንዚን ሞተር በ2012 (እ.ኤ.አ.) የአውሮፓን ገበያ ሲቀላቀል ብዙዎችን አስደንቆ ነበር። በ3 ሲሊንደርና በ999 ሲሲ፣ በቱርቦ እየታገዘ ያኔ እስከ 125 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ከ2012 እስከ 2014 በተከታታይ የዓመቱ ዓለም አቀፍ ሞተር ተብሎ ተሸልሟል።

ዛሬ ያገለገለ ፎከስ ወይም ፊየስታ የሚገዛ ሰው የሚጨነቀው ግን ስለ ቺንጋው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች የካምሻፍቱ ቺንጋ የሚዞረው ዘይት ውስጥ ነው። ዘይቱ ሲያረጅ ወይም ዓይነቱ ሲሳሳት ጎማው ይላላጣል፤ ፍርፋሪው የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል፤ ዘይት ያልደረሰው ቱርቦ ይቃጠላል፣ ሞተሩም ደርቆ ይቆማል። ፋብሪካው ለቺንጋው የሰጠው ዕድሜ 10 ዓመት ወይም 240 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ባለቤቶችን ሳያዘናጋ አልቀረም። ኋላ የወጡት የካምሻፍቱን ቺንጋ በካቴና ቢተኩም የዘይት ፓምፑ ቺንጋ ቀርቷል፤ በእርሱ ሰበብ ኩባንያው በ2023 በአሜሪካ ከ139 ሺህ በላይ ፎከስና ኢኮስፖርት ለጥገና ጠርቷል። በቀደምቶቹ ላይ ደግሞ የማቀዝቀዣው ውኃ ቱቦ እየፈነዳ ሞተር ያግል ነበር።

ቺንጋውን ማስለወጥ ብዙ መፍታት ስለሚጠይቅ ውድ ነው። ሻጩ ዝቅተኛ ኪሎ ሜትር ቢያሳይም፣ የዘይት ቅያሬ ደረሰኝ ከሌለው የቺንጋው ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል።