ስለ ስዊች ደጆች ጥበቃ

ኮምፒውተሮችን በኬብል አገናኝቶ እርስ በርሳቸው የሚያነጋግር ዕቃ ስዊች ይባላል፤ በፊቱ የተደረደሩት መሰኪያዎችም ፖርት ይባላሉ። ስዊች ያለ ጥበቃ ሲተከል፥ ማንም ሰው ኬብል ይዞ መጥቶ በአንዱ ፖርት ቢሰካ ወደ መረቡ ይገባል። የተማሪዎች ውጤት በኮምፒውተር በሚጻፍበት ትምህርት ቤት ይህ መዝገቡን በሜዳ እንደ መጣል ነው። የስዊቹን ክፍል መቈለፍም ብቻውን አይበቃም፤ መሰኪያው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ደግሞ ይገኛልና።

ለዚህ የወጣው ሥርዓት 802.1ኤክስ ይባላል፤ መጀመሪያ የታተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ዓመት ነው። አሠራሩ የግብር ቤት አጋፋሪን ይመስላል። አጋፋሪ እንግዳውን ከደጅ አቁሞ ለጌታው ያስታውቃል እንጂ በገዛ ሥልጣኑ አያስገባም። እንግዳው ኮምፒውተሩ ነው፤ አጋፋሪው ስዊቹ ነው፤ የተፈቀደላቸውን ሰዎች መዝገብ የያዘው ጌታ ራዲየስ የሚባለው ሰርቨር ነው። ፈቃድ እስኪመጣ ድረስ በፖርቱ የሚያልፈው ማንነትን የሚያስረዳው መልእክት ብቻ ነው።

አስቀድሞ ለስዊቹ የሰርቨሩ አድራሻና ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት የምስጢር ቃል ይሰጠዋል፤ በሰርቨሩም ላይ የስዊቹ አድራሻና ያው ቃል ይጻፋል። ቃሉ በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ሁለቱ አይግባቡም። ቀጥሎ ጥበቃው በስዊቹ በጠቅላላው ይከፈታል፤ ከዚያም እያንዳንዱ ፖርት ለብቻው ይታዘዛል። ትእዛዙ ሦስት ዓይነት ነው፤ ሁልጊዜ ክፍት፥ ሁልጊዜ ዝግ፥ ወይም በምርመራ። ብዙ ሠራተኛ የሚስተው በዚህ ላይ ነው፤ በሲስኮ ስዊች ፖርቱ በምርመራ እንዲሆን ካልታዘዘ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራልና፥ ሥራው ያለቀ ሲመስል በሩ አልተዘጋም።

ወደ ሰርቨሩ የሚወስደውን ፖርት ግን በምርመራ ሥር ማድረግ አይገባም፤ አጋፋሪውን ከጌታው መለየት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ባለመብቱም ሁሉ ከደጅ ይቀራል።

እንደ አሮጌ ማተሚያ ያሉ፥ ለጥያቄው መልስ የማይሰጡ ዕቃዎች በፋብሪካ በተሰጣቸው ቍጥር ይታወቃሉ። ይህን ቍጥር ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ ሊይዘው ስለሚችል፥ የእነርሱ ፖርት የውጤቱ መዝገብ ወደማይገኝበት የተለየ ክፍል ይመራ። ሁሉም አስቀድሞ በአንድ ፖርት ይፈተን፤ የይለፍ ቃል ያለው ሲገባ፥ የሌለው ሲከለከል ከታየ በኋላ ወደ ሌሎቹ ይታለፋል።