ልብን ከሥራ ገበታ ላይ ማዋል

በደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድ ካፖርቱን ደርቦ ቢሮው የገባ አንድ ሠራተኛ ፊቱ የቆመ ባለጉዳይ ችግሩን ሲያስረዳው ትናንት በስብሰባ የተሰነዘረበትን ወቀሳ ወይም በወሩ መጨረሻ የሚከፍለውን የቤት ኪራይ ያሰላስላል። ባለጉዳዩም የተናገረውን ለመድገም ይገደዳል። እንዲህ ያለውን ሰው ኅብረተሰቡ «አካሉ እንጂ ልቡ የለም» ይለዋል።

ችግሩ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ያደረጉትና 2,250 ጎልማሶችን ያካተተው ጥናት፣ ከተሳታፊዎቹ ምላሾች 47 በመቶ ያህሉ ሐሳባቸው ከያዙት ተግባር ውጭ በነበረበት ጊዜ የተሰጡ መሆናቸውን ያመለክታል። በእነዚህ ጊዜያትም ደስታቸው ዝቅተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ለዚህ ከሚረዱ ዘዴዎች አንዱ የማስተዋል ተመስጦ ነው። አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን በቡድሃ እምነት ተከታዮች ዘንድ ለዘመናት የቆየውን ይህን ልምምድ ከሃይማኖታዊ ሥርዓቱ በመለየት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ሰዎች አቅርበዋል። ሥልጠናው ስምንት ሳምንታት የሚወስድ ሲሆን፣ በየዕለቱ በቤት ውስጥ የሚደረግ ልምምድንም ያካትታል።

አፈጻጸሙ ቀላል ነው። ሰውየው ተመቻችቶ ይቀመጣል፤ አየር ሲገባና ሲወጣም ልብ ይላል። ሐሳቡ ሲሸሽ መሸሹን ያስተውላል፤ ራሱን ሳይወቅስም ወደ ትንፋሹ ይመለሳል። የልምምዱ ፍሬ ነገር አእምሮን ከሐሳብ ባዶ ማድረግ ሳይሆን ይህ መመለስ ነው።

ልምምዱ በእግር ጉዞም ይከናወናል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አንኮበር፣ የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ የሚወጣ ሰው ዳገቱ ራሱ እያንዳንዱን እርምጃ እንዲያስተውል ያስገድደዋል። ተመስጦውም ይህንኑ ትኩረት በሜዳም ሆነ በቢሮ መተላለፊያ ላይ በፈቃድ ማድረግ ነው።

ጉዳዩ ለሰሜን ሸዋ ሠራተኞች የተለየ ትርጉም አለው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በዘለቀበት ወቅት ከቀያቸው የተፈናቀሉ በርካታ ወገኖች ደብረ ብርሃን ተጠልለው ነበር። የደረሰበትን ለሚናገር ተፈናቃይ፣ መዝጋቢው ከልብ ማዳመጡ በራሱ የአገልግሎቱ አካል ነው። መዝጋቢው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የራሱን ጭንቀት ይዞ የሚሠራ ሰው ነው።

ይሁንና ተመስጦ የሁሉ መፍትሔ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና 47 ጥናቶችን የፈተሸ ግምገማ ለጭንቀት፣ ለድብርትና ለሕመም ስሜት መጠነኛ ጥቅም እንዳለው ሲያሳይ፣ ከመድኃኒት ወይም ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ እንደሚበልጥ ግን ማስረጃ አላገኘም። ከባድ ሰቀቀን ያለፈበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ትዝታው ሊበረታበት ስለሚችል፣ የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባዋል። የሥራ ጫናን ማቃለልም የሠራተኛው ብቻ ሳይሆን የኃላፊዎች ድርሻ ነው።

ልምምዱ ወጪ አይጠይቅም። ቀጣዩ ባለጉዳይ ከመጠራቱ በፊት ብዕርን አስቀምጦ ሦስት ጊዜ በእርጋታ መተንፈስ፣ ከዚያም ቀና ብሎ ባለጉዳዩን ማየት ለመነሻ ይበቃል።